የማርቲን ሉተር ኪንግ ሳምንት በዩኒቨርሲቲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የጃንዋሪ ወር አጋማሽ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ንቅናቄ መሪ የነበሩት የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሳምንት ነው። ብሔራዊው በዓል በወሩ ሦስተኛ ሰኞ ይውላል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ያችን አንዲት ቀን አክብረው አያበቁም፤ በሳምንቱ ውስጥ የመታሰቢያ ንግግር፣ የፓናል ውይይት፣ የሻማ ማብራት፣ የእግር ጉዞና የበጎ ፈቃድ ሥራ ያዘጋጃሉ። ልጆቻችን በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ፣ ብዙዎቻችንም እዚያው ተቀጥረን እንሠራለን። ሆኖም ስለ ሳምንቱም ሆነ ስለሚታሰቡት ሰው በየዓመቱ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። ማረም የሚገባቸው፣ ሰውየውን ከሥራቸው ነጥለን ባከበርን ቁጥር ሥራውና አብረዋቸው የሠሩት ሰዎች ስለሚረሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በዓሉ ኪንግ እንደሞቱ ያለ ክርክር የተወሰነ ነው።»

ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 በሜምፊስ ከተማ፣ በ39 ዓመታቸው ተገደሉ። የምክር ቤት አባሉ ጆን ኮንየርስ የበዓሉን ረቂቅ ሕግ ያቀረቡት ከአራት ቀን በኋላ ነበር፤ ይሁንና ረቂቁ ሕግ እስኪሆን 15 ዓመት ፈጅቷል። በ1979 ለድምፅ ቀርቦ አምስት ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። ሚሊዮኖች አቤቱታ ላይ ከፈረሙ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ኖቬምበር 2 ቀን 1983 ሕጉን ፈረሙት፤ በዓሉም ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው ጃንዋሪ 20 ቀን 1986 ነው። የአሪዞና ድምፅ ሰጪዎች በ1990 አንቀበልም ብለው የተቀበሉት በ1992 ሲሆን፣ ኒው ሃምፕሸር ደግሞ የኪንግን ስም በበዓሉ ላይ ያሰፈረችው በ1999 ነው። አላባማና ሚሲሲፒ ዕለቱን እስከ ዛሬ የሚያከብሩት ለባርነት ሥርዓት ከተዋጋው ጦር አዛዥ ከጄኔራል ሮበርት ሊ መታሰቢያ ጋር አጣምረው ነው።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ዝግጅትም ሁሉም በአስተዳደሮች በጎ ፈቃድ የተጀመረ አይደለም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስፋቱ የሚታወቀው የኪንግ ሲምፖዚየም፣ ጥቁር ተማሪዎች በ1987 በግቢው ውስጥ የነበረውን ዘረኝነት በመቃወም ካነሷቸው ጥያቄዎች ጋር የተያያዘ ነው።

«ንቅናቄውን ኪንግ ብቻቸውን ጀመሩት፤ ዩኒቨርሲቲዎች ከዳር ሆነው የሚያከብሩ ናቸው።»

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ተማሪዎች የራሳቸውን ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ቁጭ ብለው እንዲሰሙ ያደርጋል።

ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ምሽት ላይ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎምሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫቸውን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም በማለታቸው ታሰሩ። በዚያው ሌሊት በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት የነበሩትና የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የተባለውን ማኅበር ይመሩ የነበሩት ጆ አን ሮቢንሰን ወደ ኮሌጁ ሄዱ። የማባዣ መሣሪያው ቁልፍ ያለው አንድ የሥራ ባልደረባቸውና ሁለት ተማሪዎቻቸው አብረዋቸው ነበሩ። ወረቀት ለመቆጠብ መልእክቱን በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ አሰፈሩት፤ ያባዙትንም ቆርጠው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት አደረሱ። በስቴንስል በራሪ ወረቀት ያባዛ የእኛ አገር የዚያ ዘመን ተማሪ የቀለሙን ሽታና የሌሊቱን ጭንቀት ያውቀዋል። ሥራው ያለቀው ሊነጋጋ ሲል ነው። መምህርቷ ጠዋት የሚያስተምሩት ክፍል ነበራቸውና ገብተው አስተማሩ፤ ከዚያም ከሁለቱ ተማሪዎች ጋር በመኪና እየዞሩ ወረቀቱን በየትምህርት ቤቱ አደሉ። መልእክቱ ሰኞ ዲሴምበር 5 ማንም ጥቁር አውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚጠይቅ ነበር።

ኪንግ የአድማው መሪ ሆነው የተመረጡት በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አድማው ከያዘ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ገና የ26 ዓመት ወጣት ፓስተር ነበሩ። አድማው 381 ቀን ቆየ። በአውቶቡሶቹ ላይ የነበረውን መለያየት በሕግ ያስቀረው ክስም ከሳሾቹ አራት ሴቶች ሲሆኑ፣ አንዷ ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ በዚያው ጉዳይ የታሰረችው የ15 ዓመቷ ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን ነበረች። ይህ ሁሉ የኪንግን ታላቅነት አይቀንስም፤ ሌሎች ያሰናዱትን ተቀብሎ፣ ቃል ሰጥቶና አስተባብሮ ከዳር ማድረስ በራሱ ትልቅ ችሎታ ነው።

«ኃይል አልባ ትግል ማለት ታግሦ መቀመጥ ማለት ነው።»

በሳምንቱ ዝግጅቶች ላይ «ኪንግ የሰላም ሰው ነበሩ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ዝምታን ነው። እውነታው ሌላ ነው። ኃይል አልባ ትግል ሰልጥነው የሚገቡበት ነበር። በናሽቪል ጄምስ ሎሰን የተባሉ የነገረ መለኮት ተማሪ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የፊስክንና የሌሎች ኮሌጆችን ተማሪዎች ያሰለጥኑ ነበር። ወንበሮቹ እንደ ምግብ ቤት ባንኮኒ ይደረደራሉ፤ ግማሾቹ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ አጥቂ ሆነው ይሰድቧቸዋል፣ የሲጋራ ጭስ ፊታቸው ላይ ይነፉባቸዋል፣ ከወንበር ገፍትረው ይጥሏቸዋል። የሚቀመጡት ሳይመልሱ መቀመጥን፣ ሲመቱም ራስን ከጉዳት መከለልን ይለማመዳሉ። በ1960 መጀመሪያ ጥቁሮችን ወደማያስተናግዱት ምግብ ቤቶች ሲሄዱ በጽሑፍ የተሰጣቸው መመሪያ ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ፣ ፊታቸውን ዘወትር ወደ ባንኮኒው እንዲያደርጉ፣ ድምፅ አውጥተው እንዳይስቁ ጭምር ያዝዝ ነበር። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ምክንያት ሎሰንን በማርች 1960 አባረራቸው፤ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ያው ዩኒቨርሲቲ ተጋባዥ ፕሮፌሰር አድርጎ መልሶ ጠራቸው።

ኪንግም ቢሆኑ በኤፕሪል 1963 በርሚንግሃም ታስረው ሳሉ ስምንት የነጭ ቀሳውስትና የሃይማኖት አባቶች «ጊዜው አይደለም፣ ታገሡ» ብለው ባወጡት መግለጫ ላይ፣ በጋዜጣ ኅዳጎችና ባገኙት ቁርጥራጭ ወረቀት መልስ መጻፍ ጀመሩ። ለጥቁሮች «ቆይ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል «በፍጹም» ማለት ሆኖ መኖሩን በዚያ ደብዳቤ አስረድተዋል። ዓላማቸው ድርድርን አሻፈረኝ ያለ ከተማ ችግሩን ሳይወድ በግድ እንዲመለከት ማድረግ ነበር። ይህ የመታገሥ ተቃራኒ ነው።

«ትልቁ ሥራቸው የሕልሙ ንግግር ነው።»

ኦገስት 28 ቀን 1963 ወደ 250,000 ሰው የተሰበሰበበት የዋሽንግተን ሰልፍ ሙሉ ስሙ «ለሥራና ለነፃነት» የሚል ነበር፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ሁለት ዶላር እንዲሆን ነው። ሰልፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያደራጁት ባያርድ ረስቲን ናቸው። ኪንግ በሰልፉ ላይ ካሰሙት ንግግር «ሕልም አለኝ» የሚለው ክፍል በተዘጋጀው ጽሑፍ ላይ አልነበረም፤ ዘማሪት ማሃሊያ ጃክሰን ከኋላ ሆነው «ስለ ሕልሙ ንገራቸው» ካሏቸው በኋላ ኪንግ ጽሑፉን ትተው በቃላቸው ቀጠሉ። በጽሑፉ ላይ የነበረው ክፍል ግን ስለ ዕዳ ነው። የአሜሪካ የነፃ አገርነት አዋጅና ሕገ መንግሥቱ ለእያንዳንዱ አሜሪካዊ የተጻፉ የተስፋ ሰነዶች እንደሆኑ፣ አሜሪካ ግን ለጥቁር ዜጎቿ ስንቅ የሌለው ቼክ እንደሰጠቻቸው፣ እነርሱም ሊመነዝሩት እንደመጡ ይናገራል። ደረቅ ቼክ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል ሰምቶ ንግግሩን እንደ ጣፋጭ ምኞት ብቻ አይቆጥረውም። ሳምንቱን የምታዘጋጁ ሁሉ ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ብታሰሙ መልካም ነው።

«በሕይወት ሳሉ ሕዝብ ሁሉ ይወዳቸው ነበር።»

ጋላፕ በ1966 ባደረገው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ 63 ከመቶ የሚሆነው አሜሪካዊ ስለ እሳቸው ጥሩ አመለካከት እንደሌለው ገልጿል። በኤፕሪል 1967 የቬትናምን ጦርነት በይፋ ሲቃወሙም ትልልቆቹ ጋዜጦች ሳይቀሩ ነቅፈዋቸዋል።

«ይህ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም።»

ይህን ከወገኖቻችን አፍ ስሰማ ያመኛል። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ እየመዘነ ኮታ ይሰጥ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የተመደበው ዝቅተኛው፣ ማለትም በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ሥርዓት የተሻረው ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በተፈረመው ሕግ ሲሆን፣ ይህም የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ በተፈረመ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ፣ በዚያው ኮንግረስ የጸደቀ ነው። በአገር ውስጥ በዘር መለየትን በሕግ የከለከለ አገር በበሩ ላይ በትውልድ መለየትን ለማስቀጠል የሚያበቃ ምክንያት አጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የ1980ው የስደተኞች ሕግና በ1990ው ሕግ የተፈጠረው ዲቪ የቆሙት በዚሁ በተከፈተው በር ላይ ነው። ብዙዎቻችን የገባንበትን በር የገፉት ሰዎች በርሚንግሃም ላይ ውሻ የተለቀቀባቸው ናቸው። በነገራችን ላይ የበዓሉ ሰኞ አንዳንድ ዓመት ከጥምቀት ጋር ይገጥማል፤ የ2026ቱ ጃንዋሪ 19፣ ጥር 11 ነው። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰ ሰው ማታ ለሻማ ማብራቱ ግቢ ቢገኝ አንዱ በዓል ሌላውን አይሻማውም።

«ሰኞው የእረፍት ቀን ነው።»

ኮንግረስ በ1994 ቀኑን የብሔራዊ አገልግሎት ቀን አድርጎታል። ተማሪዎች በዚያን ዕለት ምግብ ሲያሽጉ ወይም ትምህርት ቤት ቀለም ሲቀቡ የምታዩት ለዚህ ነው።

«ሥራቸው በ1965 በሕግ ተፈጽሟል።»

ኪንግ ሜምፊስ የተገኙት በቆሻሻ ሰብሳቢ ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ከዝናብ ለመጠለል መኪናው ኋላ ውስጥ ገብተው ሳለ የቆሻሻ መጭመቂያው በድንገት ተነሥቶ ገደላቸው። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ወደ 1,300 የሚጠጉ የሥራ ጓደኞቻቸው አድማ መቱ፤ በሰልፍ የያዙትም ሰሌዳ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ብቻ ነበር። ኪንግ ያን ጊዜ የየዘሩን ድሆች ወደ ዋሽንግተን ለማምጣት ዘመቻ እያደራጁ ነበር፤ ያንን አቋርጠው ወደ ሠራተኞቹ መጡ፤ በሎሬይን ሞቴል በረንዳ ላይ እንደቆሙም በጥይት ተመቱ። ከተማው ለሠራተኞቹ ማኅበር ዕውቅና የሰጠውና ደመወዛቸውን ለመጨመር የተስማማው ኤፕሪል 16፣ እሳቸው በተገደሉ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።