ቃኘው ሻለቃ

ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር መጠሪያ ነው። ስሙ የተወሰደው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከ«አባ ቃኘው» ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ቃሉን «ሥርዓት ማስያዝ» ብለው ይፈቱታል። ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ሐሳቡ የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ስለ ጣሊያን ወረራ ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ሰሚ አጥተዋል። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት ለደቡብ ኮሪያ ጦር ሲጠይቅ «እምቢ» ማለት አልሆነላቸውም። ዘማቾቹ ከክብር ዘበኛ ተመለመሉ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነስተው ፑሳን ወደብ ገቡ። የጠቅላላ ዘማቹ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ሻለቃ የመሩት ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ናቸው። ጦሩ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ።

ሻለቃው በየዓመቱ እየተተካ ተዋጋ። በተለይ የሌሊት ቅኝቱ ስም አወጣለት። በደንብ የተጻፈለት ውጊያ የግንቦት 1945 ዓ.ም. ነው። «ዮክ» እና «አንክል» የሚባሉ ሁለት የግንባር ምሽጎች ነበሩ። በያንዳንዳቸው ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከሰሜን ኮሪያ ወገን የሚዋጉት ቻይናዎች በጨለማ መጡባቸው፤ የኛ ልጆች ግን ምሽጋቸውን አልለቀቁም። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ይህን ሌሊት በዝርዝር ጽፎታል።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ። ምርኮኛ ሲለዋወጡ ከኢትዮጵያ ወገን የሚመለስ አንድም ሰው አልነበረም፤ የተማረከ የለማ! ሬሳም ጥለው አልመጡም። ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም።

የዘማቹ ብዛት በአብዛኛው 6,037 ተብሎ ይጻፋል፤ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱት ተደምረው ነው። የቆሰሉት 536 ናቸው። የሞቱትን አንዳንዱ 121፣ ሌላው 122 ይላል። 253 ጊዜ ተዋግተው 253 ጊዜ አሸነፉ የሚባለው ግን ማሸነፍ እንዴት እንደተቆጠረ ያጠያይቃል። እዚያው ሳሉ ዘማቾቹ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመዋል። የመጨረሻዎቹ ወታደሮች በ1957 ዓ.ም. ወጡ።

አገር ቤት የጠበቃቸው ሌላ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ። የፖሊስ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከአመፁ ወገን ቆመው ሞቱ፤ ክብር ዘበኛም እንደ ቀድሞው አልሆነም። በደርግ ዘመን ደግሞ ኮሚኒስትን ወግቶ መመለስ የሚያኮራ መሆኑ ቀረ። የኋላው የማራቶን ጀግና ማሞ ወልዴም ኮሪያ ደርሶ ነበር።

ቹንቾን በምትባለው የኮሪያ ከተማ መታሰቢያው የቆመው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአካል ተገኝተዋል። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ላይ የተሠራው የእኛው መታሰቢያ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። ቹንቾን ከመታሰቢያው አጠገብ ቡና ቤት አለ። ስሙ «ኢትዮጵያ ቤት» ነው።