«አክሽን ሮማንቲክ ኮሜዲ» ምንድን ነው?

አክሽን ሮማንቲክ ኮሜዲ የሚባለው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከአሳዳጅ እየሸሹ ወይም ከጠላት ጋር እየተታኮሱ፣ በዚያው ሩጫ መሃል እየተነታረኩ፣ በንትርካቸውም ውስጥ ሳያስቡት እየተዋደዱ የሚሄዱበት የፊልም ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ ድብድብ፣ ሳቅና ፍቅር ያለበት ፊልም ሁሉ በዚህ ስም አይጠራም። በአንድ የጦርነት ፊልም ውስጥ ጀግናው የምትናፍቀው እጮኛ ብትኖረው፣ ከጓዶቹም አንዱ ቀልደኛ ቢሆን፣ ፊልሙ ያው የጦርነት ፊልም ነው። የዚህ ዘውግ መለያው ከሦስቱ አንዱ ሲነሣ ሌሎቹ አብረው መፍረሳቸው ነው፤ አደጋው ከሌለ ጥንዶቹ አይገናኙም፣ ንትርኩ ከሌለ አይተዋወቁም፣ ፍቅሩ ከሌለ ደግሞ ማን ተያዘ ማን አመለጠ የሚለው ጉዳይ ተመልካቹን እምብዛም አያስጨንቀውም።

ጥምረቱ ፊልም ድምፅ ከማግኘቱ በፊትም ነበረ። በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1926 በሠራው «ዘ ጀነራል» በተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም ጀግናው የባቡር ነጂ ነው። የተዘረፈበትን ባቡርና ከባቡሩ ጋር የተወሰደችበትን ፍቅረኛውን አስመልጦ ሲመለስ ጠላት በሌላ ባቡር ይከተለዋል፤ ባቡሩ እንዳይቆም ምድጃው ያለማቋረጥ እንጨት መጉረስ አለበት። ፍቅረኛው ግን በዚያ ጭንቅ ውስጥ መጥረጊያ አንሥታ ወለሉን ትጠርጋለች፤ ቀዳዳ ያለበትን ጉማጅ አልወደደችውምና አውጥታ ትጥለዋለች፤ በምትኩ አንዲት ቀጭን ጭራሮ መርጣ ምድጃው ውስጥ ትከታለች። እሱም በሽሙጥ ከዚያች ያነሰች ስንጥር አንሥቶ ሲሰጣት፣ ሽሙጡ ሳይገባት ተቀብላ እሷኑ ትማግዳለች። በዚህ ጊዜ አንገቷን አንቆ ይነቀንቃታል፤ ወዲያው ደግሞ ስቦ ይስማታል። ማነቁ ለዛሬ ተመልካች ላይጥም ይችላል፤ ለእኔም አይጥመኝም። ሆኖም ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ በሚፈጀው በዚህ ትዕይንት ባቡሩ አልቆመም፣ አሳዳጁም አልራቀም፤ ሳቁም መሳሙም የመጡት ከማገዶው ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አልፍሬድ ሂችኮክ «ዘ ሰርቲናይን ስቴፕስ» በተባለው ፊልሙ ጥንዶቹን በአንድ ካቴና አሰራቸው። ሰውየው ባልፈጸመው ግድያ ይፈለጋል፤ ሴቲቱ ንጹሕ መሆኑን አታምንም፤ ነገር ግን አንድ እጇ ከእጁ ጋር ስለታሰረ በኮረብታና በጅረት አብራው ከመሸሽ በቀር ምርጫ የላትም። ማረፊያ ቤት ደርሰው የራሰ የእግር ሹራቧን ስታወልቅ የታሰረው እጁ ሳይወድ በግድ እጇን ተከትሎ ይወርዳል፤ ሳቁ የሚመጣው ሁለቱም እንደ ጨዋ ሰው ለመምሰል ከሚያደርጉት ጥረት ነው። ሌሊት እሱ እንደተኛ እጇን ከካቴናው አሹልካ ታወጣለች፤ ልትሄድ ስትል ግን አሳዳጆቹ ሲነጋገሩ ሰምታ እውነቱን ትረዳለች፤ ትታው አትሄድም። ፍቅር የሚለው ቃል አልተነሣም፤ መውጣት እየቻለች መቅረቷ ብቻ ሁሉን ይናገራል።

የዚህ ዓይነት ፊልም ደስታ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። በተለመደው የፍቅር ፊልም ሰዎች ስሜታቸውን በቃል ይገልጣሉ፤ በዚህኛው ግን ለንግግር ጊዜ ስለሌለ ድርጊቱ ራሱ ንግግር ይሆናል። ስለዚህ ድብድቡን እንደ ጭውውት አድርጎ መመልከት ይጠቅማል። መጀመሪያ ላይ ጥንዶቹ የመኪናውን መሪ ይነጣጠቃሉ፣ አንዱ በስተቀኝ ሲሮጥ ሌላው በስተግራ ይሮጣል፤ ወደ መጨረሻው ሲደርሱ አንዱ እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ ሌላው ሳይጠየቅ የሚፈልገውን ያቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሚስተር ኤንድ ሚስስ ስሚዝ» ይህንን ሐሳብ ገልብጦ ተጠቅሞበታል፤ ባልና ሚስቱ ነፍሰ ገዳይነታቸውን ተደባብቀው ሲኖሩ ትዳራቸው ይቀዘቅዛል፣ በገዛ ቤታቸው ሲታኮሱ ግን የልባቸውን መነጋገር ይጀምራሉ።

ሳቅና ድብድብ እንዲህ የሚዋደዱበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሁለቱም ጊዜ አጠባበቅ ላይ የቆሙ ጥበቦች ናቸው። የተሰነዘረው ቡጢ በሰዓቱ ቢያርፍ ያስደነግጣል፤ ተመቺው በአጋጣሚ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ ቢልና ቡጢው ግድግዳውን ቢመታ ያስቃል። ዝግጅቱ፣ ልምምዱና የካሜራው አቀማመጥ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የግማሽ ሰኮንድ ነው።

የሕንድ ሲኒማ «ማሳላ» የሚባለው ፊልምም ድብድብ፣ ሳቅና ፍቅርን፣ ከዚያም አልፎ ዘፈንና ጭፈራን ይይዛል፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው እያፈራረቀ ማቅረብ አይከብደውም፤ ተመልካቹም ተራውን እየጠበቀ ይደሰታል። አክሽን ሮማንቲክ ኮሜዲ የሚጠበቅበት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማቅረብ ነው፤ ስለዚህም በቀላሉ ይበላሻል። በብዛት የሚያበላሸው ቀልዱ ነው። ጥይት እየዘነበበት ያለ ሰው እንደ መድረክ ቀልደኛ ዘና ብሎ ሲያሾፍ፣ ተመልካቹ ይህ ሰው እንደማይሞት ያውቃል፤ አደጋው ሐሰት ሲሆን ደግሞ በአደጋው የተፈተነው ፍቅርም አብሮ ይረክሳል። የ«ዘ ጀነራል» የባቡር ነጂ ግን ሲያሽሟጥጥ እንኳ ዘና አላለም፤ ከልቡ ነበር የተጨነቀው።

የመጨረሻው ችግር ፍጻሜው ነው። ጠላት ከተሸነፈ በኋላ ጥንዶቹን አንድ ላይ ያቆየው ነገር ስለሚጠፋ፣ ብዙ ፊልሞች በመሳሳም ቸኩለው ይዘጋሉ፤ ወይም አዲስ አደጋ በር ላይ ያቆማሉ። ሂችኮክ ይህን ሁሉ አላስፈለገውም። በፊልሙ የመጨረሻ ምስል ሁለቱ ከጀርባቸው ይታያሉ፤ ማንም ሳያስገድዳቸው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ ባዶው ካቴና ግን አሁንም ከሰውየው አንጓ ላይ ተንጠልጥሏል።