ጠመንጃውን ያስቀመጠው የአየርላንድ ፖሊስ

የአየርላንድ ብሔራዊ ፖሊስ «ጋርዳ ሺኻና» ይባላል። የተመሠረተው በ1922 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አገሪቱ ከብሪታኒያ አገዛዝ በወጣች ማግስት ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ከደብሊን ከተማ ውጭ ያለውን አገር የሚጠብቀው «ሮያል አይሪሽ ኮንስታቡላሪ» ነበር። ጠመንጃ የታጠቀ ኃይል ነው። በነጻነት ጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡ አገለለው፤ ብዙ አባላቱም ተገደሉ። በኦገስት 1922 ፈረሰ።

የአዲሱ ፖሊስ አጀማመር አላማረም። ምልምሎቹ በአብዛኛው የቀድሞ ታጋዮች ናቸው። ከአለቆቻቸው አንዳንዶቹ ግን ከዚያው ከተጠላው ፖሊስ የመጡ ነበሩ። ትናንት ሲታኮሱ የከረሙ ሰዎች ዛሬ አዛዥና ታዛዥ ሲሆኑ ምን ይጠበቃል? በሜይ 1922 ኪልዴር በሚገኘው ማሠልጠኛ ምልምሎቹ አመፁ። የመጀመሪያው ኮሚሽነር ማይክል ስቴንስ ካምፑን ጥለው ወጡ፤ በኋላም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። መንግሥት ጉዳዩን አስመረመረ። ከምርመራው የመጣው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፦ ፖሊሱ ከእንግዲህ መሣሪያ አይታጠቅም። ያውም አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት እየታመሰ!

በሴፕቴምበር ኮሚሽነር የሆኑት ኦወን ኦዳፊ ፖሊሶቹን ዱላ ብቻ አስይዘው በየመንደሩ አሰማሩ። ብዙም ሳይቆይ ደም ፈሰሰ። ኖቬምበር 14 ቀን 1922 ሄንሪ ፌላን የተባለ ወጣት ፖሊስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ቲፐራሪ ውስጥ ወዳለች ሙሊናሆን የምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። የሃርሊንግ ዱላ ሊገዙ ነበር፤ ሃርሊንግ እንደ እኛ የገና ጨዋታ ኳስ በዱላ የሚመታበት ስፖርት ነው። ሱቅ ውስጥ እንዳሉ ታጣቂዎች ገብተው ፌላንን ተኩሰው ገደሉት። መንግሥት ግን ከዚህም በኋላ ለተራው ፖሊስ ጠመንጃ አልመለሰም። ከዚህ ተቋም ታሪክ ሁሉ እኔ ከልቤ የማደንቀው ይህንን ጽናት ነው።

በ1925 የደብሊን ከተማ ፖሊስ ተቀላቀለውና ኃይሉ አገር አቀፍ ሆነ። መርማሪዎቹ ግን መሣሪያ ይይዙ ነበር።

ፈተናው በ1933 ከሌላ በኩል መጣ። የመንግሥቱ መሪ ዴ ቫሌራ ኦዳፊን ከሥራ አሰናበቱ። ኦዳፊም በዚያው ዓመት «ሰማያዊ ሸሚዞች» የሚባለውን መንግሥትን የሚቃወም እንቅስቃሴ መምራት ጀመሩ። ተተኪያቸው ኮሚሽነር ብሮይ የቀድሞ ታጋዮችን በጥድፊያ ቀጥረው አስታጠቁ። በኦገስት 1934 ኮርክ ውስጥ በተነሣ ግርግር እነዚህ ታጣቂ ፖሊሶች ተኩሰው ማይክል ሊንች የተባለ ልጅ ገደሉ። አባቱ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም ተኩሱ አግባብ አልነበረም ብሎ ፈረደላቸው።