የባሊ የውሃ ቤተ መቅደሶች በኮምፒውተር ሲፈተሹ

ሰው አካባቢውን ይለውጣል፤ አካባቢውም መልሶ ሰውን ይለውጣል። ይህን ምልልስ በኮምፒውተር ሞዴል፣ ማለትም እውነታውን በስሌት አስመስሎ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ መመርመር ከተጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መላውን ዓለም አንድ ሞዴል ውስጥ ለማስገባት ሞክረው ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የኢንዶኔዥያዋ ደሴት የባሊ ነገር ነው።

የባሊ ገበሬዎች ሩዝ የሚያመርቱት በእርከን ነው። ከአንድ ቦይ ውሃ የሚያገኙ ገበሬዎች ሱባክ በሚባል ማኅበር ይደራጃሉ። ሥርዓቱ ወደ 1,000 ዓመት ገደማ ቆይቷል። የማኅበሩ አለቃ ሥራ እኛ አገር የውሃ አባት ከምንለው ሰው ሥራ ጋር ይቀራረባል። ውሃው የሚከፋፈለው ቦዩ ላይ አግድም በተጋደመ ግንድ ነው። ግንዱ ላይ እንደየድርሻው ሰፋ ወይም ጠበብ ያለ የውሃ ማለፊያ ስለተጠረበ፣ ማንም ገበሬ ብቅ ብሎ ድርሻው እንዳልተነካ በዓይኑ ማየት ይችላል።

መቼ ይዘራ የሚለው ግን በቤተ መቅደስ የሚወሰን ነው። ወንዙ በተጠለፈበት ቦታ የውሃ ቤተ መቅደስ ይሠራል። ሱባኮቹ እዚያ ተሰብስበው በዘር ቀን ይስማማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት አዳዲስ የሩዝ ዝርያ፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይዞ መጣ። ገበሬው የቤተ መቅደሱን ቀን መጠበቅ ትቶ በተቻለው መጠን ደጋግሞ እንዲዘራ ተነገረው። ብዙም ሳይቆይ የውሃው ተራ ተምታታ፣ ተባይም ማሳውን ወረረው።

ምክንያቱን ለማየት አንድ ሸለቆ እናስብ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢዘራ ሁሉም በአንድ ጊዜ ውሃ ይፈልጋል፤ ታች ያለው ይደርቅበታል። እያንዳንዱ በመሰለው ቀን ቢዘራ ደግሞ ውሃው ይበቃል፤ ተባዩ ግን ከታጨደው ማሳ ተነሥቶ ወዳልታጨደው ይሻገራል፣ ምግብ አያጣም። ሰፊ ቦታ አንድ ላይ ታጭዶ አንድ ላይ ጦም ሲያድር ነው ተባዩ የሚያልቀው። ላይኛው ገበሬ ውሃ ባያሳስበውም ተባይ ያሰጋዋል፤ ታችኛው የሚሰጋው ለውሃው ነው። ስለዚህ መስማማቱ ሁለቱንም ይጠቅማል።

አንትሮፖሎጂስቱ ስቲቨን ላንሲንግና የሥነ ምህዳር ባለሙያው ጄምስ ክሬመር ይህን በኮምፒውተር ፈተሹት። ኦስና ፔታኑ በሚባሉት ወንዞች ዳር ያሉ 172 ሱባኮችን ከዝናቡ፣ ከወንዙ ፍሰትና ከተባዩ ጋር ሞዴል ውስጥ አስገቡ። ሁሉም በአንድ ቀን ሲዘራ ውሃ አነሰ፤ በየፊናው ሲዘራ ተባዩ ፈላ። ምርቱ የተሻለው ቅንጅቱ በውሃ ቤተ መቅደሶቹ ልክ ሲሆን ነበር።

የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ሞዴሉ ውስጥ ቤተ መቅደስ ሳይኖር፣ ሱባኮቹ ራሳቸው የዘር ጊዜ እንዲመርጡ ተተዉ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ በዓመቱ መጨረሻ ጎረቤቶችህን እይ፤ ከአንተ የተሻለ ምርት ያገኘ ካለ የእሱን ቀን ውሰድ። ጥቂት ዓመታት እንደተቆጠሩ አብረው የሚዘሩ ቡድኖች በራሳቸው ጊዜ ተፈጠሩ። አሰፋፈራቸውም መሬት ላይ ካለው የቤተ መቅደሶቹ መረብ ጋር በጣም ተመሳሰለ። አንድ መሐንዲስ ሳያቅደው ይህን የመሰለ ሥርዓት ከጎረቤት ለጎረቤት መማማር ብቻ ሊወለድ እንደሚችል ታየ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ።

ሁሉም ግን አልተቀበለውም። አንትሮፖሎጂስቱ ስቴፋን ሄልምራይክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ትችት፣ ሞዴሉ የነገሥታቱን፣ የቅኝ ገዢዎቹንና የመንግሥትን እጅ ገሸሽ አድርጓል ይላል። ትችቱ ቦታ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሞዴሉ ውስጥ ያለው ገበሬ ምርት ብቻ ነው የሚያየው፤ ከወንድሙ ጋር አይጣላም፣ ግብር አይከፍልም፣ ማሳውን ሸጦ ከተማ አይገባም።

ዩኔስኮ ሱባክን እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዛሬ ባሊ ውስጥ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ውሃውንም መሬቱንም ከገበሬው ጋር ይሻማሉ። የ172ቱ ሱባኮች ሞዴል ሲሠራ ይህ ተሻሚ በስሌቱ ውስጥ አልነበረም።