የሜዲካል ስኩል ኢንተርቪው፦ በአሜሪካና በካናዳ ምን ይጠየቃል፣ እንዴትስ ይዘጋጁበታል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምና ለመግባት ዋናው በር የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። አሜሪካና ካናዳ ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛው አመልካች መጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል። ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናም ይወስዳል፤ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ባለው መሀል ነው የሚሰጠው። ድርሰት ይጽፋል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ያሰባስባል። ኢንተርቪው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሲሆን የሚጠራው ካመለከተው ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የተጠራ ሰው ትምህርቱን ይችል እንደሆነ በአብዛኛው ታይቷል። የቀረው ጥያቄ ታማሚ ፊት ሲቀመጥ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለው ነው። ይህን ስተው ባዮሎጂ ሲከልሱ የሚያድሩ ግን ሞልተዋል።

የቆየው ዓይነት ኢንተርቪው ከአንድ ወይም ከሁለት ጠያቂ ጋር የሚደረግ ጭውውት ነው። ጠያቂው የትምህርት ቤቱ ሐኪም ወይም መምህር ይሆናል፤ አንዳንዴ እዚያው የሚማር ተማሪም ይኖርበታል። ፋይሉን አንብቦ የሚመጣ አለ፣ ሆን ተብሎ ሳያነብ የሚገባም አለ። "ለምን ሐኪም?" የሚለው ጥያቄ አይቀርም። "ሰው መርዳት ስለምወድ" ማለት ብቻውን የትም አያደርስም፤ ነርሱም መምህሩም ሰው ይረዳሉ። የሚያስኬደው በዓይን የታየ ነገር ነው። እዚያ ካደጉ የሐበሻ ልጆች ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ለእናታቸው ወይም ለአያታቸው ክሊኒክ ውስጥ አስተርጉመዋል። ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ቤተ ሙከራ ውስጥ ስላጠቡት ብልቃጥ ሲያወሩ መስማት ያስቆጫል። ሐኪሙ የተናገረውና አያትዬዋ የተረዱት ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያውቅ አመልካች ብዙ የሚናገረው አለው።

ማመልከቻው ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል። ከሦስት ዓመት በፊት የተሳተፉበት ጥናት ቢሆንም እንኳ ለማያውቀው ሰው በሁለት ደቂቃ ማስረዳት መቻል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዓይነት ኤምኤምአይ ይባላል፤ ብዙ አጫጭር ቃለ መጠይቆች ማለት ነው። መነሻው ካናዳ፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራማሪዎቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንዱን ረጅም ቃለ መጠይቅ ወደ 10 አጫጭር ጣቢያዎች ከፋፈሉት። በየጣቢያው 8 ደቂቃ፣ በመሀሉ 2 ደቂቃ። አመልካቹ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጉዳይ ያነባል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይገባል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ጠያቂ ብቻ ከሆነ ዕጣ ፈንታህ በእሱ ስሜት ላይ ይወድቃል። እዚህ ግን አንዱ ጣቢያ ቢበላሽ ቀጣዩ ጠያቂ የሚያውቀው ነገር የለም። ዛሬ የጣቢያውም የደቂቃውም ብዛት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል።

ከጥናቱ ምሳሌዎች አንዱ እንዲህ ነው። አንድ ሐኪም ለድካምና ለራስ ምታት የሆሚዮፓቲ፣ ማለትም መሥራቱ በሳይንስ ያልተረጋገጠ የአማራጭ ሕክምና መድኃኒት ያዛል። እንደሚሠራ ራሱም አያምንም፤ ግን አይጎዳም፣ ታማሚውንም ያረጋጋል ብሎ ነው። ቸኩሎ "ዋሽቷል፣ አለቀ" የሚል አመልካች 7 ደቂቃ ይተርፈዋል። ጥሩው አመልካች ነገሩን ያገላብጠዋል። ታማሚው የሚውጠውን የማወቅ መብት አለው። ድካሙ የሌላ በሽታ ምልክት ሆኖ በሽታው ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል። ገንዘብም ያስወጣል። በሌላ በኩል መረጋጋት በራሱ የሚያሽለው ሰው አለ። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ግን አቋም መያዝ አለበት፤ መሀል ሰፋሪነት አያዋጣም።

ተዋናይ ያለበት ጣቢያም አለ። ለሥራ አብራችሁ ልትበሩ ነው፣ ተዋናይዋ የምትጫወታት ባልደረባህ ግን አውሮፕላን ፈርታ አልሄድም ብላለች። ብዙው ሰው "አይዞሽ፣ ከመኪና ይሻላል" ብሎ ይጀምራል። የፈራ ሰው በስታቲስቲክስ አይረጋጋም። ቁጭ ብሎ ምን እንዳስፈራት መጠየቅና ዝም ብሎ መስማት ይቀድማል።

ለኛ ልጆች አንድ ፈተና ይጨመራል። ታላቅ ፊት አንገት መድፋት፣ ስለ ራስ አለማውራት ቤት ውስጥ ጨዋነት ነው። ጠያቂው ግን በራስ አለመተማመን ሊመስለው ይችላል። የሠሩትን ሠራሁ ማለት ጉራ እንዳልሆነ ቀድሞ ማመን ይጠይቃል።

ዝግጅቱ ከንባብ ይልቅ አፍን ማላቀቅ ነው። ሰዓት ይዞ፣ ከጓደኛ ጋር፣ ጮክ ብሎ። ስልክ ላይ ቀድቶ መስማት ያሳፍራል፣ ግን ይጠቅማል። መልስ መሸምደድ አይመከርም፤ ጥያቄው ትንሽ ዘወር ሲል የሸመደደ ሰው ወዲያው ይነቃበታል። ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙው ኢንተርቪው በቪዲዮ ስለሆነ ካሜራውን በዓይን ትክክል ማስቀመጥ፣ ብርሃኑን ከፊት ማድረግና የቤቱን ሰው ቀድሞ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው። በተለይ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ከሆነ።

አሜሪካ ውስጥ ኢንተርቪው ከነሐሴ ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት አካባቢ ይዘልቃል። ውጤቱ ተቀባይነት፣ ውድቅ ወይም ተጠባባቂነት ነው። ከአንድ በላይ ቦታ ያገኙ ሰዎች በሚያዝያ ገደማ አንዱን መርጠው ሌላውን ሲለቁ የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዱ የሚጠራው ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው።