ለድሮ ኮምፒውተር ካርድ መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ፣ ከሥራ መልስ፣ ለድሮ ኮምፒውተሮች ተጨማሪ ካርድ (ማሽኑ ውስጥ የሚሰካ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) እሠራለሁ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሃርድ ዲስክ ፋንታ ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ሚሞሪ ካርድ የሚያስገባ ነው። ሌላው የስክሪኑን ፊደል የሚቀይር ትንሽ ቦርድ ነው። በአንድ ዙር የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራ የሚነገሩ ነገሮች ግን ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ልክ አይደሉም።

«ያረጀ ኮምፒውተር ሞቷል፣ ቁራሌው ይውሰደው።» ይህንን አልቀበልም። አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ማሽኑ ሳይሆን ጥቂት ዕቃ ነው። 386 የሚባለው የቆየ ፕሮሰሰር ባለባቸው ቦርዶች ላይ የተበየደው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ፈሶ መስመሮቹን ይበላል። ሃርድ ዲስኩ ይደክማል። ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ይደርቃል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል፤ የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፕሮሰሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ደግሞ ድሬ ለዚህ ሐሳብ እንግዳ ከተማ አይደለችም። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኞች ከፋብሪካ የማይመጣ መለዋወጫ በእጃቸው እየሠሩ ነው የድሮ ባቡሮችን ያቆዩት።

«እንዲህ ያለ ነገር ያለ ፋብሪካ አይሠራም» የሚሉም አሉ። ቦርዱን የምነድፈው ኪካድ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ቻይና ላሉ አምራቾች ስንልክ አምስት ቦርድ ብቻ ብናዝም ይሠሩልናል። የሚመጣው ባዶ ቦርድ ነው። ቺፑን፣ ሶኬቱን፣ ሬዚስተሩን የምንበይደው እኛው ነን፣ በካውያ። በ63/37 ሊድ (63 ከመቶ ቆርቆሮ፣ 37 ከመቶ እርሳስ) ብትበይዱ ደስ ይላል፤ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ቶሎም ይረጋል። ስታዙ ግን ሁለት ነገር አትርሱ። ማሽኑ ውስጥ የሚሰካ ካርድ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር ይሁን፤ የሚሰካው ጠርዝም ወርቅ ይቀባ። ርካሹን ቅብ ከመረጣችሁ ሲነቀልና ሲሰካ ተፍቆ ያልቃል።

እውነተኛው ችግር ሌላ ቦታ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ዕቃውም እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ትዕዛዝን አጠራቅሞ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል ማስመጣት ይሻላል።

«ቦርዱ ርካሽ ከሆነ ካርዱም ርካሽ መሆን አለበት።» ታይዋን ገበያ አንድ ወዳጄ ካርዱን አገላብጦ አይቶ፣ «አቦ፣ ለዚች ቁራጭ ይህን ሁሉ ብር?» አለኝ። አልፈርድበትም። ከሁሉም ርካሹ ቦርዱ ነው። ሶኬቱ፣ ቺፑ፣ ማጓጓዣው፣ ማሸጊያው ይበልጡታል። የተበላሹትም አሉ፤ በየዙሩ የማይሠራ አይጠፋም፣ የእሱ ዋጋ ከመጀመሪያው በደህናዎቹ ላይ መታሰብ አለበት። ካልታሰበ ከኪስ ነው የሚወጣው። ቅድሚያ ክፍያንም አልደግፍም። ተፈትኖ መደርደሪያ ላይ ላልተቀመጠ ካርድ የሰው ብር መያዝ ያስጨንቃል፤ ዕቃው ሲዘገይ ደግሞ ወዳጅነት ያበላሻል።

«ቺፕ ያው ቺፕ ነው» ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። የ1980ዎቹ ማሽኖች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በ5 ቮልት ይሠራሉ። የዛሬዎቹ ቺፖች አብዛኞቹ በ3.3 ቮልት ወይም ባነሰ ናቸው። ሁለቱን ያለ መካከለኛ ቺፕ ማገናኘት ደካማውን ሊያቃጥል ይችላል። ኮምፓክት ፍላሽ የምመርጠውም ለዚህ ነው፤ 5 ቮልት ይችላል፣ የሃርድ ዲስክንም ቋንቋ ያውቃል። ኤስዲ ካርድ ሁለቱንም አይችልም። ሌላው ጣጣ ማምረት የቆመባቸው ቺፖች ናቸው። አሮጌ ቺፕ ተፍቆ የሌላ ስም ተጽፎበት ይሸጣል። እንደ ያማሃ ዋይኤም3812 ያሉ ተፈላጊ የድምፅ ቺፖች ላይ ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቺፕ ከመበየዱ በፊት ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይሞከር።

«አንዱ ከሠራ ሁሉም ይሠራል።» ይህ ከሁሉም የሚጎዳ እምነት ነው። እያንዳንዱ ካርድ ለብቻው ይፈተሻል። መጀመሪያ ማሽን ሳይነካ፣ 5 ቮልቱና ግራውንዱ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) እንዳልተገናኙ በቴስተር ይታያል። ሁለቱ ከተገናኙ የሚቃጠለው ካርዱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ መተኪያ የሌለው ማሽንም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቀጥሎ ከአንድ በላይ ማሽን ላይ ይሞከራል። የ1981ዱ አይቢኤም ፒሲ በ4.77 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ በኋላ የመጡት ቅጂዎች በእጥፍም ይሮጣሉ። በዝግታው ማሽን ላይ ያማረበት ካርድ በፈጣኑ ላይ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ በርቶ ማየት አይበቃም። ትልቅ ፋይል ተገልብጦ፣ ተመልሶ ተነቦ፣ አንድ ለአንድ መመሳሰል አለበት። ጊዜዬን የሚወስደው ከብየዳው ይልቅ ይህ ነው። ከካርዱ ጋር አንድ ገጽ መመሪያም በአማርኛ ይሰጥ፦ የትኛው ጃምፐር (ካርዱን ለማስተካከል እግሮች ላይ የሚሰካ ትንሽ ማገናኛ) የት እንደሚሆን፣ ሌላ ካርድ ቢጋጭ ምን እንደሚደረግ።

ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ንድፍ ሁሉ ይሸጣል ማለትም አይደለም። አንዳንዱ ለግል ብቻ ተብሎ የተለቀቀ ነው። ፈቃዱን አንብቡ፣ ካልገባችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። የ1980ዎቹ ፓተንቶች ጊዜያቸው አልፏል፤ ሮም (መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ጽሑፍ የያዘ ቺፕ) ውስጥ ያለው ፕሮግራም ግን አሁንም ባለመብት አለው። ለሃርድ ዲስክ ካርድ ኤክስቲ አይዲኢ ዩኒቨርሳል ባዮስ የሚባል ክፍት ፕሮግራም ስላለ በዚያ መጠቀም ነው።

የመጨረሻውና እኔ ከልቤ የምከራከርበት፦ «የድሮ ኮምፒውተር አማርኛ አይችልም።» ይችላል። ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥር ነው። በቆዩት የስክሪን ካርዶች ላይ ለዚያ ቁጥር መልክ የሚሰጠው አንድ የፊደል ሮም ነው። ሮሙን ስትቀይሩ ፊደሉ ይቀየራል። የአይቢኤሙ ሮም 24 እግር አለው፤ ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው ኢፕሮም (ራሳችን የምንጽፍበት የሮም ዓይነት) ግን 28። የእኔ ትንሽ ቦርድ ሁለቱን የምታገናኝ ናት።

ገደብ አለው፣ አልደብቅም። ሮሙ ላይ ለምልክት ያለው ቦታ 256 ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የሚተርፈው 25 ለ26ቱ የላቲን ፊደላት እንኳ አይበቃም፣ የእኛን ነጥቦችና ዲቃላ ፊደላት ሳንቆጥር። መፍትሔዬ ኢፕሮሙ ላይ ሁለት ሙሉ የፊደል ስብስብ፣ አንዱን የላቲን አንዱን የግዕዝ፣ ጽፎ በማብሪያ ማጥፊያ መቀያየር ነው። ሲቀየር ግን ስክሪኑ በሙሉ ነው የሚቀየረው፤ የዶስ (የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ትዕዛዞችም በግዕዝ ፊደል ይታያሉ። ለመጻፍ ደግሞ አነስተኛ የኪቦርድ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ያኔ የተጻፉ የአማርኛ ፋይሎችም በዚህ አይነበቡም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ፕሮግራሞቹ በየራሳቸው ቅደም ተከተል ነበር የሚጽፉት።

ስለዚህ ቦርዱን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ፣ የስክሪን ካርድህ የትኛው ነው? የሚል ነው። ኢጂኤ ወይም ቪጂኤ (በኋላ የመጡት የስክሪን ካርዶች) ከሆነ ብሩን ይያዝ፤ በእነሱ ላይ ፊደል በፕሮግራም ብቻ ይጫናል። ሞኖክሮም (ባለ አንድ ቀለሙ) ከሆነ ጥሩ ነው፣ አንድ ፊደል 14 መስመር ቁመት ስላለው ጠ እና ጬ በደንብ ይለያሉ። ሲጂኤ (የመጀመሪያው ባለ ቀለም ካርድ) ከሆነ 8 በ8 ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ መጀመሪያ የስክሪኑን ፎቶ ልኬለት አንብቦ ይወስን።