ሴፍቲኔት ላይ የሥራ ቀን እንዴት ይቆጠራል?

የገጠር ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ያለባቸው ቤተሰቦች የማኅበረሰብ ሥራ እየሠሩ ድጋፍ የሚያገኙበት ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ የወሎ ወረዳዎች ከመጀመሪያው ገብተውበታል። የቀን አቆጣጠሩ ግን ዛሬም ብዙ ሰው ግራ ያጋባል።

ክፍያው የሚታሰበው በቤተሰቡ አባላት ቁጥር ነው። የሥራው ቀንም እንዲሁ። ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን። ሕፃናት ድንጋይ አይሸከሙም፤ የእነሱን ቀን የሚሠራላቸው በቤቱ ያለው አቅም ያለው አዋቂ ነው።

በሰሜን ወሎዋ መቄት ወረዳ ውስጥ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት እንውሰድ። ሦስት ናቸው፤ ስለዚህ በወር 15 ቀን እርከን ትሠራለች። ሦስተኛ ልጅ ቢኖራትስ? 20 ቀን ትሠራለች ማለት አይደለም። ለአንድ ሠራተኛ ጣሪያው 15 ቀን ነው። የቀሪው ልጅ ድርሻ ያለ ሥራ ይከፈላታል። ይህን ጣሪያ እያንዳንዷ እናት ብታውቀው እንዴት ደስ ባለኝ! ጉልበቷ ለራሷም ማሳ ያስፈልጋታል።

ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ከነጭራሹ ከሥራ ነፃ ናት፤ ድጋፉ ግን አይቋረጥም። ጧሪ የሌላቸው አቅመ ደካሞችም ያለ ሥራ የሚያገኙት ቀጥታ ድጋፍ አላቸው። ስለዚህ "አልሠሩም" ተብሎ ድጋፉን ሊከለከሉ አይገባም።

ቀኑ በዝቶ ከተመዘገበ ወይም ስም ከተዘለለ፣ በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው እዚያ ነው።